ኮከብ ምን ያህል ሊገዝፍ ይችላል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ ከዕለት ሥራችን ራቅ ያለ ርእስ መርጬ በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ ከመካከላችን አንዳንዶቹ «የሲሚንቶና የብረት ነገር ተነጋግረንበት ሳያልቅ ስለ ከዋክብት ማውራት ምን ይረባል?» ብለው እንደሚጠይቁ ገምቼ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም አጭር ነው። ኮከብ ማለት የራሱን ክብደት ራሱ የሚሸከም መዋቅር ነው። ስለ እርሱ የሚነሣውም ጥያቄ የእኛው የዘወትር ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «ይህ መዋቅር እስከ ምን ድረስ ይችላል? የመቻሉንስ ወሰን ያወቅነው ለክተን ነው ወይስ አስልተን?» የሚል ነው። እኔ የሥነ ፈለክ ሊቅ አይደለሁም፤ ነገሩን የማቀርበው በመሐንዲስ ዓይን ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ለማስታወስ እወዳለሁ።

መለኪያውና መዋቅሩ

በመጀመሪያ መለኪያችንን እንወስን። የፀሐይ መጠነ ቁስ በኪሎ ግራም ሲጻፍ ቁጥር 2 ሆኖ ከኋላው 30 ዜሮዎች ይከተሉታል። ይህም የመሬትን መጠነ ቁስ 333,000 ጊዜ ያህል ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥር ደጋግሞ መጥራት አድካሚ ስለሆነ፣ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ፀሐይን ራሷን መለኪያ አድርገዋታል። ስለዚህ ከእንግዲህ «50 ፀሐይ» ስል መጠነ ቁሱ የፀሐይን 50 እጥፍ የሆነ ኮከብ ማለቴ ነው።

ታችኛው ወሰን ብዙ ክርክር የለበትም። ከ0.08 ፀሐይ በታች የሆነ የጋዝ ክምችት በማዕከሉ ሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም እየለወጠ ለመኖር የሚበቃ ሙቀት ስለማያገኝ እውነተኛ ኮከብ ሊባል አይችልም። የሚያከራክረው ላይኛው ወሰን ነው።

በምድር ላይ ስለሚሠሩ ነገሮች ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ሕግ ለሁላችንም የታወቀ ነው። የአንድ ነገር ቁመትና ወርድ በእኩል ሲያድግ፣ ክብደቱ እንደ ርዝመቱ ኩብ፣ ክብደቱን የሚሸከመው የምሰሶው ስፋት ግን እንደ ርዝመቱ ካሬ ብቻ ያድጋል። ስለዚህ እየተለቀ የሚሄድ ሕንፃ አንድ ቀን በራሱ ክብደት ይደቅቃል። በኮከብ ዘንድ ነገሩ ይለያል። ኮከብ ምሰሶና ግድግዳ የለውም፤ እያንዳንዱን የጋዝ ንብርብር የሚሸከመው ከሥሩ ያለው ግፊት ነው። ይህም ግፊት ከሁለት ምንጭ ይመጣል። አንደኛው የጋዙ ቅንጣቶች እርስ በርስ ሲጋጩ የሚፈጥሩት የጋዝ ግፊት ነው። ሁለተኛው ከማዕከሉ ወደ ውጭ የሚፈሰው ብርሃን በመንገዱ ያለውን ቁስ ሲገፋ የሚፈጥረው የብርሃን ግፊት ነው። ብርሃን መግፋቱ በምድር ላይ አይታወቀንም፤ በከዋክብት ሆድ ውስጥ ግን ዋነኛ ጉዳይ ነው።

የእንግሊዙ ሊቅ አርተር ኤዲንግተን በ1926 ስለ ከዋክብት ውስጣዊ አሠራር ባሳተመው መጽሐፍ የእነዚህን የሁለቱን ድርሻ በሰፊው መርምሯል። ስሌቱን ባጭሩ ብናየው ለእኛ ሙያ እንግዳ አይደለም። የጋዝ ግፊት ከእፍጋቱና ከሙቀቱ ብዜት ጋር ይመጣጠናል። የብርሃን ግፊት ግን ከሙቀቱ አራተኛ ኃይል ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ሁለተኛውን ለአንደኛው ብናካፍል የምናገኘው የሙቀት ኩብ ለእፍጋት ሲካፈል ነው። ኮከቡ ሚዛኑን ጠብቆ እንዲቆም ደግሞ ማዕከላዊ ሙቀቱ ከመጠነ ቁሱ ጋር በቀጥታ፣ ከራዲየሱ ጋር በተገላቢጦሽ መመጣጠን አለበት። እፍጋቱም መጠነ ቁሱ ለራዲየሱ ኩብ ሲካፈል ነው። እነዚህን ስናገጣጥም ራዲየሱ ከላይም ከታችም በኩብ ስለሚገኝ ይጣፋል፤ የሚቀረው የመጠነ ቁስ ካሬ ብቻ ይሆናል።

ውጤቱ ይህ ነው፦ ኮከብ በገዘፈ ቁጥር፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ ራዲየሱ ሳያግደው፣ የብርሃን ድርሻ እየበረታ ይሄዳል። በኤዲንግተን ስሌት መሠረት በፀሐይ ውስጥ የብርሃን ግፊት ከጠቅላላው ግፊት ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። በ10 ፀሐይ ኮከብ ከመቶ 3 ወይም 4 ያህል ይሆናል። በ100 ፀሐይ ኮከብ ግን ከመቶ 40 በላይ ይደርሳል።

አደጋው ከየት ይመጣል?

ከመቶ 40 መሆኑ በራሱ ምን ክፋት አለው? ሸክሙን የሚሸከም ግፊት እስከተገኘ ድረስ የጋዝም ሆነ የብርሃን መሆኑ ምን ለውጥ ያመጣል? ለዚህ ሁለት መልሶች አሉ።

የመጀመሪያው መልስ የመረጋጋት ጉዳይ ነው። አንድን ኮከብ በሐሳባችን ጥቂት ጨመቅ እናድርገው። ወደ ውስጥ የሚስበው ስበት ይጨምራል፤ ይህን ለመቋቋም የሚያስፈልገው ግፊት ከእፍጋቱ ጋር በ4/3 ኃይል ያድጋል። የጋዝ ግፊት በ5/3 ኃይል ስለሚያድግ ከሚፈለገው በልጦ ኮከቡን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የብርሃን ግፊት ግን የሚያድገው በዚያው በ4/3 ኃይል ነው፤ ማለትም ከስበቱ ጋር እኩል ይሄዳል እንጂ አይበልጠውም። ስለዚህ በብርሃን ብቻ የተደገፈ ኮከብ ቢጨመቅ የሚመልሰው፣ ቢነፋም የሚሰበስበው ኃይል የለም። ከምሰሶ ጋር ብናነጻጽረው፣ ኦይለር ባሰላው የመጉበጫ ጭነት ላይ እንደቆመ ቀጭን ምሰሶ ነው፤ ቆሟል፤ ነገር ግን ጥቂት ነገር ቢነካው የሚሄድበት አቅጣጫ አይታወቅም። ማርቲን ሽቫርትስሺልድና ሪቻርድ ሄርም በ1959 ባወጡት ስሌት ከ60 ፀሐይ ገደማ በላይ የሆነ ኮከብ በየጊዜው እየተነፋና እየተጨመቀ ሊናወጥ እንደሚችል አሳይተው ነበር። በ1970ዎቹ የተደረጉ የበለጠ የተሟሉ ስሌቶች ደግሞ ነውጡ ራሱን የሚገታ መሆኑን፣ ኮከቡን ከማፍረስ ይልቅ ከላዩ ያለውን ጋዝ እያራገፈ እንደሚያኖረው አመለከቱ።

ሁለተኛው መልስ ዛሬ «የኤዲንግተን ወሰን» የሚባለው ነው። ከኮከቡ ገጽ የሚወጣው ብርሃን በዙሪያው ያሉትን ኤሌክትሮኖች ወደ ውጭ ይገፋል፤ ስበቱ ደግሞ ጋዙን ወደ ውስጥ ይስባል። ሁለቱም ኃይሎች በርቀት ካሬ ስለሚቀንሱ እዚህም ርቀቱ ይጣፋል፤ የሚቀረው የብርሃንና የመጠነ ቁስ ንጽጽር ነው። ለሃይድሮጅን ጋዝ ስናሰላው፣ አንድ ኮከብ ለእያንዳንዱ የፀሐይ መጠነ ቁስ የ33,000 ፀሐይ ያህል ብርሃን ሲያመነጭ መግፋቱና መሳቡ እኩል ይሆናሉ። ከዚያ ቢያልፍ ገጹን መያዝ አይችልም።

እዚህ ላይ ትኩረታችሁን ለአንድ ነጥብ እለምናለሁ። ከፀሐይ ብዙም ያልራቀ መጠነ ቁስ ያላቸው ከዋክብት ብርሃናቸው በመጠነ ቁሳቸው 3.5 ኃይል ገደማ ያድጋል። ይህን ቀመር ይዘን ብንቀጥል የ33,000ው ወሰን በ64 ፀሐይ ገደማ ይሞላል፤ ከዚያ የገዘፈ ኮከብ የለም ብለንም እንፈርማለን። ስሌቱ የሒሳብ ስሕተት የለበትም። ሆኖም ቀመሩ የተገኘው ከትናንሾቹ ከዋክብት ነው። ኮከቡ እየገዘፈ ሲሄድ የብርሃኑ ዕድገት እየለዘበ ሄዶ በመጨረሻ ከመጠነ ቁሱ ጋር በቀጥታ ወደ መመጣጠን ይደርሳል። በዚህ ምክንያት ግዙፉ ኮከብ ወደ ወሰኑ እየተጠጋ ይሄዳል እንጂ በ64 ላይ ተደናቅፎ አይቀርም። ብርሃኑና ነዳጁ አብረው የሚያድጉ ስለሆኑም፣ እጅግ ግዙፍ የሆኑት ከዋክብት ዕድሜ ሁሉ ወደ ሁለትና ሦስት ሚሊዮን ዓመት ግድም ይጠጋል። የፀሐይ ዕድሜ 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል መሆኑን ስናስብ ይህ እጅግ አጭር ነው።

የአንድ ኮከብ ታሪክ

ስሌቱን ትተን ወደ ምልከታው እንለፍ። ከመሬት 160,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ «ታላቁ የማጄላን ደመና» የሚባል የከዋክብት ማኅበር አለ። ይህ ማኅበር ከእኛ ሰማይ ጨርሶ የተሰወረ አይደለም። በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ኬክሮስ ላይ፣ ከደቡቡ አድማስ በላይ 12 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ከከተማ መብራት ርቆ ተራራ በማይጋርድበት ቦታ የቆመ ሰው እንደ ደብዛዛ ጉም ሊያየው ይችላል። በውስጡ ታራንቱላ ኔቡላ የሚባል ሰፊ የጋዝ ደመና አለ፤ በዚህም ደመና መካከል አር 136 የተባለ እጅግ ብሩህ ነጥብ ይገኛል።

በ1981 ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ካሲኔሊ፣ ማቲስና ሳቬጅ፣ በሳተላይት የተገኘ የአልትራ ቫዮሌት ብርሃን መርምረው፣ የዚህ ነጥብ ማዕከል ምናልባት 2,500 ፀሐይ የሚያህል አንድ ኮከብ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ስሌታቸው የዋዛ አልነበረም። የብርሃኑ ብዛት ተለክቷል፤ ሙቀቱ ተገምቷል፤ አንድ ኮከብ ከሆነ መጠነ ቁሱ ይህን ያህል መሆን አለበት። የክርክሩ ቁልፍ «አንድ ኮከብ ከሆነ» የሚለው ሐረግ ነበር።

በ1985 ቫይጌልትና ባየር የተባሉ ጀርመናውያን ብዙ አጫጭር ፎቶግራፎችን አንሥተው በማቀናበር የአየርን መንቀጥቀጥ የሚያስወግድ ዘዴ ተጠቀሙ። በአንድ የቅስት ሰከንድ ስፋት ውስጥ ስምንት ከዋክብት ተለይተው ታዩ። አንድ የቅስት ሰከንድ ማለት በ200 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የቆመ የአንድ ሜትር የቀያሽ ዘንግ የሚታይበት ማዕዘን ነው። በ2,500 ፀሐይ የተገመተው ግዙፍ ሸክም በአንድ ምሰሶ ላይ ሳይሆን በብዙ ምሰሶዎች ላይ የተከፋፈለ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ሌላው ጫፍ አዘነበለ። በ2005 ዶናልድ ፋይገር በፍኖተ ሐሊብ ማዕከል አጠገብ ያለውን አርችስ የተባለውን የከዋክብት መንጋ በሃብል ቴሌስኮፕ ቆጠረ። የከዋክብት ቁጥር መጠነ ቁሳቸው ሲጨምር እንዴት እንደሚቀንስ ሳልፒተር በ1955 ያወጣው ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት ከ130 ፀሐይ በላይ የሆኑ ከአሥር የሚበልጡ ከዋክብት መገኘት ሲገባቸው አንድም አልተገኘም። ስለዚህ ፋይገር ወሰኑ 150 ፀሐይ ነው ሲል ደመደመ፤ ቁጥሩም በየመጻሕፍቱ ገባ።

ነገር ግን በ2010 ፖል ክራውዘርና ባልደረቦቹ በቺሊ በሚገኘው እጅግ ትልቅ ቴሌስኮፕ የተገኘ መረጃ ይዘው ወደ አር 136 ተመለሱ። ከስምንቱ አንዱ፣ አር 136 ኤ 1 የተባለው፣ ብቻውን 265 ፀሐይ እንደሚሆን፣ ሲወለድም 320 ያህል እንደነበር አስታወቁ። የአርችስስ ቆጠራ ታዲያ ምን ሆነ? ኋላ የቀረበው ማብራሪያ የዕድሜን ጉዳይ ያነሣል። ግዙፎቹ የሚኖሩት ከሦስት ሚሊዮን ዓመት ብዙም የማይበልጥ ከሆነ፣ መንጋው ከዚያ ዕድሜ ሲጠጋ ትልልቆቹ ሞተዋል ወይም ቁሳቸውን አራግፈዋል። ሽማግሎች ካለፉ በኋላ የተደረገ የሕዝብ ቆጠራ «በዚህ አገር ሽማግሌ ኖሮ አያውቅም» ሊያሰኝ አይችልም።

በ2022 ደግሞ እዚያው ቺሊ ባለው ጄሚናይ ሳውዝ ቴሌስኮፕ የበለጠ የጠራ ምስል ተገኘ። ኮከቡ ከጎረቤቶቹ ይበልጥ ተለይቶ ሲታይ መጠነ ቁሱ ከ170 እስከ 230 ፀሐይ መካከል ሆኖ ተገመተ። በ2020 እና በዚያው በ2022 የወጡ ሌሎች ጥናቶች ከ200 ጥቂት ከፍ ያደርጉታል። ከ5 ሚሊዮን ፀሐይ በላይ የሆነውን ብርሃኑን ቀደም ብለን ካየነው ወሰን ጋር ብናስተያየው፣ ኮከቡ ለኤዲንግተን ወሰን እጅግ የቀረበ መሆኑን እንረዳለን።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ቁጥር ከብርሃን የተሰላ ነው እንጂ በሚዛን የተለካ አይደለም። ለኮከብ እውነተኛ ሚዛን የሚገኘው ሁለት ከዋክብት እርስ በርስ ሲዞሩ ነው፤ የዙረቱን ጊዜና ፍጥነት ለክተን በኒውተን ሕግ ክብደታቸውን እናገኛለን። በዚህ ሚዛን ደብልዩ አር 20 ኤ የተባሉት ጥንድ ከዋክብት እያንዳንዳቸው 80 ፀሐይ ግድም መሆናቸው በ2004 ታወቀ። እዚያው ታራንቱላ ውስጥ ያሉት ሜልኒክ 34 የተባሉት ጥንዶች ደግሞ በ155 ቀን አንድ ጊዜ ሲዞሩ፣ 139 እና 127 ፀሐይ ያህል መሆናቸው ከዙረታቸው ብቻ ሳይሆን ከብርሃናቸው ተሰልቶ በ2019 ታትሟል። እንግዲህ በጥንድ ከዋክብት የደረስንበት ወደ 140፣ በብርሃን ስሌት የደረስንበት ከ200 በላይ፣ በችኮላ የታለፈው ደግሞ 2,500 ነበር ማለት ነው።

የሚገነባው፣ የሚያፈርሰውና የሚከተለው

አንድ ነገር ቆሞ መኖር መቻሉ መገንባት መቻሉን አያረጋግጥም። ኮከብ የሚሠራው ጋዝ በላዩ እየወረደ ነው፤ ገና ሲገነባ ግን ብርሃኑ ጋዝና አቧራውን መግፋት ይጀምራል። ነገሩን እንደ ሙሉ ክብ በሚያዩት የቀድሞ ስሌቶች ግንባታው ገና በአሥር ቤት በሚቆጠር ፀሐይ ላይ የሚቆም ይመስል ነበር። መፍትሔው ቅርፁ ነው። ጋዙ የሚወርደው በወገብ ዙሪያ ባለ ዝርግ ሰሌዳ ላይ ሲሆን፣ ብርሃኑ በሁለቱ ዋልታዎች በኩል እንደ ጭስ ማውጫ ይወጣል። በ2009 የታተመ የሦስት ማዕዘን አቅጣጫ ስሌት ብርሃኑ ግንባታውን እንደማያስቆመው አሳይቷል። ከዚህም ሌላ ሁለት ጥንድ ከዋክብት ተዋሕደው አንድ ግዙፍ ሊወልዱ ይችላሉ።

ከተገነባ በኋላ ደግሞ መራገፍ ይከተላል። ብርሃኑ በተለይ ብረትን በመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ላይ እያረፈ ጋዙን እንደ ነፋስ ያባርራል። አንዳንዴም በኃይል ይሆናል። ኤታ ካሪኔ የተባለው ኮከብ በ1843 ከሲርየስ በቀር ከሰማይ ከዋክብት ሁሉ ደምቆ ታየ፤ በዚያ ታላቅ ፍንዳታ ከ10 ፀሐይ የሚበልጥ ቁስ ጣለ፤ ዛሬም ግን አለ።

ብረቱ ከነፋሱ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ብረት ገና ባልተፈጠረበት በጥንቱ ዓለም የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት በብዙ መቶ ፀሐይ ሊቆጠሩ ይችሉ እንደነበር ይታሰባል። ከዚያም በላይ፣ በመቶ ሺህ ፀሐይ ገደማ፣ ቻንድራሴካር በ1964 እንዳሳየው ዓይነት አለመረጋጋት በአንስታይን የስበት ሕግ ይመጣል፤ ግዙፉ ጋዝ በራሱ ላይ ይወድቃል። በ140 እና በ260 ፀሐይ መካከል የተወለዱ፣ ብረት የሌላቸው ከዋክብት ደግሞ፣ በ1967 በወጣው ስሌት መሠረት፣ በማዕከላቸው ብርሃን ወደ ቁስ ቅንጣት ስለሚለወጥ ግፊታቸው ጎድሎ ይፈነዳሉ፤ ምንም ቅሪት አይተዉም። ስለዚህ በጥቁር ጉድጓዶች መጠነ ቁስ መካከል ባዶ ክልል ሊኖር ይገባ ነበር። ሆኖም በግንቦት 2019 የተለካው የስበት ሞገድ የ85 እና የ66 ፀሐይ ጥቁር ጉድጓዶች መዋሐዳቸውን አሳየ፤ በኅዳር 2023 የተለካው፣ በ2025 የተገለጸው ደግሞ ወደ 225 ፀሐይ የሚጠጋ ቅሪት ወለደ። ምናልባት እነዚህ ራሳቸው ከቀድሞ ውሕደት የተገኙ ናቸው፤ ክርክሩ ቀጥሏል።

ለእኛ የሚተርፈው

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ በአየር ውስጥ ያለው የምንተነፍሰው ኦክስጅን በአብዛኛው የተሠራው በግዙፍ ከዋክብት ሆድ ውስጥ ነው። የወሰናቸው ነገር ምን ያህሉ ቁስ ወደ ዓለም እንደተበተነና ምን ያህሉ በጥቁር ጉድጓድ ውስጥ እንደቀረ ይወስናል። ይህ አንዱ ጥቅም ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ግን ይበልጥ የቅርባችን ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ወሰኑ 60፣ 150፣ 320፣ 2,500 ተብሏል። ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱም በግዴለሽነት የተጻፈ አልነበረም። የተለያዩት ከኋላቸው ባለው «ከሆነ» ነው፤ አንድ ኮከብ ከሆነ፣ መንጋው ወጣት ከሆነ፣ ቀመሩ እዚያ ድረስ የሚሠራ ከሆነ። እኛም እንደዚሁ ነን። ከ20 ወይም ከ30 ዓመት የማይበልጥ የወንዝ ፍሰት መዝገብ ይዘን የ100 ዓመት ጎርፍ እናሰላለን፤ ድልድዩንም በዚያ ቁጥር እንሠራለን። የምናደርገው ሌላ አማራጭ ስለሌለን ነው፤ አይነቀፍም። የሚነቀፈው ቁጥሩ ከስሌት ወረቀቱ ወጥቶ በንድፉ ላይ ሲሰፍር «ከሆነ» የሚለው ቃል መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ንድፉን የሚያነብ ወጣት መሐንዲስ ቁጥሩ ተለክቶ ይሁን ተገምቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ኮከብን በተሳሳተ ቁጥር ብንመዝነው ኮከቡ አይጎዳም፤ በድልድዩ ላይ የሚያልፈው ሰው ግን ይጎዳል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በንድፎቻችንና በጥናት ሰነዶቻችን ላይ ለሚሰፍር ለእያንዳንዱ ዋና ቁጥር ሦስት ነገሮች በአጭሩ እንዲጻፉ ልማድ እናድርግ፦ ተለክቶ ነው፣ ተሰልቶ ነው ወይስ ተገምቶ? ቀመሩ የተፈተነው ከየት እስከ የት ነው? ልዩነቱስ ወደ ላይና ወደ ታች ምን ያህል ነው? የሥነ ፈለክ ሊቃውንት «ከ170 እስከ 230» ብለው መጻፋቸው ድክመት ሳይሆን ለሚቀጥለው ሠራተኛ የተተወ አደራ ነው። ወጪው አንድ መስመር ቀለም ነው። የሥራ አመራር ኮሚቴው ጉዳዩን ተመልክቶ በሚቀጥለው ጉባኤ ለውይይት ቢያቀርበው፣ የዛሬው ንግግሬ ሥራውን ሠርቷል እላለሁ።